ባለ 12 ኢንች ቴሌስኮፕ ሱሉልታ ግቢ ውስጥ መግጠም

ትልቅ ቴሌስኮፕ የሚያምረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት እጥፍ ያጎላል?" ብሎ ነው። እኔ መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው። ማታ ከሥራ ደክሟችሁ ስትገቡ ብቻችሁን አውጥታችሁ ልትገጥሙት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ የፈለገውን ያህል ቢያጎላ ስቶር ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ነው የሚኖረው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ አገጣጠሙ ነው። ምኑ እዚህ እንደሚሠራ፣ ምኑ ከውጭ መምጣት እንዳለበት፣ ማታ ማታ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም።

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከላያችን ያለው አየር ሳሳ ያለ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። እንጦጦ አናት ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት ኦብዘርቫቶሪ አለ። ለእኛ ለግቢ ተመልካቾች ግን ባለ 12 ኢንች ከበቂ በላይ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልናገር። ከታች 305 ሚሊ ሜትር (12 ኢንች) ስፋት ያለው ጎድጎድ ያለ መስታወት አለ። ከሰማይ የመጣውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ላይኛው ጫፍ ላይ በ45 ዲግሪ ያዘነበለች ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት ብርሃኑን ተቀብላ ወደ ጎን ታወጣዋለች። ዓይናችንን የምናስጠጋው እዚያ ነው። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራት ትንሽ ቴሌስኮፕ የምትሠራው በዚሁ መንገድ ነበር።

የሰው ዓይን ብሌን ጨለማ ውስጥ ቢበዛ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። 305ን ለ7 አካፍላችሁ ያገኛችሁትን በራሱ ብታባዙት 1,900 ገደማ ይመጣል። መስታወቱ ከዓይናችን የዚያን ያህል እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው። የትልቅ ቴሌስኮፕ ጉልበቱ ይሄ ነው። ማጉላቱማ በዓይን ሌንሱ ይቀያየራል። የእኔ መስታወት የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ብርሃኑን አንድ ቦታ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት፣ 1,500 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈል ነው፤ በባለ 25 ሚሊ ሌንስ 60 እጥፍ፣ በባለ 10 ሚሊ ሌንስ 150 እጥፍ ያሳየኛል።

ይህን የሚያህል መስታወት በእንጨት ሳጥን ላይ አስቀምጦ በእጅ እየገፉ ማየትን ያስፋፋው ጆን ዶብሰን የሚባል ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ቤጂንግ ተወለደ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በቬዳንታ (የሂንዱ እምነት) ገዳም መነኩሴ ሆኖ ዓመታት ኖረ። ከመርከብ መስኮት መስታወትና ከወፍራም ካርቶን ቱቦ ቴሌስኮፕ እየሠራ መንገድ ዳር ያቆምና አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ያሳይ ነበር። ያረፈው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ። የእሱ ዓይነት ቴሌስኮፕ ሞተር የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። መብራት ቢጠፋ ደንታው አይደለም። እንዲያውም የሰፈሩ መብራት የጠፋ ማታ የእኛ ሠርግ ነው።

ሙሉውን ቴሌስኮፕ ከውጭ ላምጣ ብትሉ ክብደቱና ግዝፈቱ ራስ ምታት ነው። እኔ ያስመጣሁት እዚህ የማይሠራውን ብቻ ነው። ዋናው መስታወት፣ ትንሿ መስታወት ከነመያዣዋ፣ የዓይን ሌንስ የሚገባበትና ምስሉን የሚያጠራው ክፍል፣ ሁለት የዓይን ሌንሶች፣ በቃ። ውጭ የሚኖር ዘመድ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ዋናው መስታወት ውፍረቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብቻውን 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። በእጅ ሻንጣ ቢመጣ ይሻላል። የሚያመጣው ሰው ደረሰኙንና የተገጠመ ቴሌስኮፕ ፎቶ ስልኩ ላይ ይያዝ። ፍተሻ ላይ "ይሄ ምንድነው?" መባሉ አይቀርም፤ ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ አንድ ፎቶ ይቀላል።

የቀረው ሁሉ እዚሁ ተሠራ። እንጨት ከመቆረጡ በፊት ግን አንድ ልኬት አለ። ሻጩ 1,500 ብሎ የጻፈው ርቀት በተግባር ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ጨረቃ በወጣች ማታ መስታወቱን ወንበር ላይ በደንብ አስደግፋችሁ ፊቱን ወደ ጨረቃ አዙሩት። አንድ ሰው ነጭ ወረቀት ይዞ ከፊቱ ትንሽ ወደ ጎን ይቁምና ወረቀቱን ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅስ። 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ጨረቃ ወረቀቱ ላይ ትወጣለች። ጥርት ስትል ሌላው ሰው ከመስታወቱ እስከ ወረቀቱ ያለውን በሜትር ይለካ። ይህን በፀሐይ እንዳትሞክሩት። ወረቀቱን ያነደዋል፣ ዓይንም ያጠፋል። ልጆች ባሉበት ቤት መስታወቱን ቀን ላይ ገልጦ መተው ጨርሶ አይታሰብም።

ዘንጎቹ የሚቆረጡት ከዚህ በኋላ ነው። 8 የአልሙኒየም ቱቦዎች ናቸው፣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው። ሁለት ሁለት እየሆኑ ዋናው መስታወት ያለበትን የታችኛውን ሳጥንና ትንሿ መስታወት የምትገጠምበትን የላይኛውን ቀለበት ያገናኛሉ። የብረት ቱቦላሬ ይረክሳል፣ ግን ይከብዳል። ላይኛው ጫፍ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ ሚዛኑን ያዛባዋል። ስትቆርጡ 2 ሳንቲ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡ። ከዚያ ገጥማችሁ ኮከብ ላይ ሞክሩት። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አስገብታችሁም ምስሉ አልጠራ ካለ ዘንጎቹ ረዝመዋል ማለት ነው። ሁሉንም እኩል እየቀነሳችሁ ሂዱ። አንዴ ያጠረ ዘንግ ግን አይቀጠልም።

ለሳጥኑ ችፑድ አትጠቀሙ። ጤዛ ሲነካው ያብጣል፤ ብሎን በተደጋጋሚ ሲፈታና ሲታሰርበት ቀዳዳው ይሰፋል። 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ነው የሚሻለው። የሠሩልኝ አናጺ ዕድሜ ልካቸውን ቁም ሳጥንና አልጋ ሲሠሩ የኖሩ ጋሼ ናቸው። ስዕሉን ዘርግቼ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና "አንቺ ልጅ፣ ይሄ መድፍ ነው ወይስ ምንድነው?" አሉኝ።

"ኮከብ ማያ ነው ጋሼ። እነዚህ ሁለት ግማሽ ክቦች ናቸው የሚያስጨንቁኝ። እኩል ካልሆኑ ሲወጣና ሲወርድ ይንገዳገዳል።"

"እሱን ለእኔ ተዪው" አሉና ሁለቱን ጣውላዎች በሞርሳ አንድ ላይ አስረው በአንድ ጊዜ ቆረጧቸው። ከዚያ እንደታሰሩ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ሄዱበት። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። "አንድ ሚሊ የለም" አሉ። እውነትም አልነበረም። እናንተም እንዲሁ አሠሩ። ለየብቻ ተቆርጠው በኋላ ይስተካከላሉ ከተባለ ሥራው ይበላሻል።

እነዚህ ግማሽ ክቦች ቴሌስኮፑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተትባቸው ናቸው። ከታች ደግሞ ሳጥኑ በክብ ጣውላ ላይ ግራና ቀኝ ይዞራል። መንሸራተቻው ፎርማይካ በቴፍሎን ላይ ነው። ፎርማይካ ስትገዙ የሚያብረቀርቀውንና ልሙጡን ተዉት፤ እጅ ሲያልፍበት ትንሽ ሸካራ የሚለውን ምረጡ። ልሙጡ ይጣበቅና በግፊያ ዘሎ ይሄዳል፤ ኮከቡም ከዓይናችሁ ይጠፋል። ቴፍሎን ካጣችሁ ከነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ የተቆረጠ ቁራጭ ለጊዜው ያገለግላል። ለታችኛው መዞሪያ ሦስት ቁራጮች ይበቃሉ፣ ከመቀመጫው ሦስት እግሮች ልክ በላይ። በአንድ ጣት ስትገፉት የሚሄድ፣ ጣታችሁን ስታነሱ እዚያው የሚቆም ከሆነ ልኩ ያ ነው።

ዋናው መስታወት ከጀርባው 9 ነጥብ ላይ ይቀመጣል። በጎንና በፊት የሚይዙት ክሊፖች አሉ፤ እንዳይወድቅ ብቻ ነው ሥራቸው። በክሊፑና በመስታወቱ መካከል ወረቀት እንደ ልብ ማለፍ አለባት። አንድ ቀን ኮከብ ሦስት ማዕዘን ሆና ከታየቻችሁ ሌላ ነገር አትጠርጥሩ፣ ክሊፑ መስታወቱን ጨምቆታል።

ውስጡ በሙሉ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይቀባ። ዘንጎቹን ዙሪያውን የሚሸፍን ጥቁር ጨርቅም ያስፈልጋል። ላይና ታቹ ላይ ላስቲክ ያለበት አድርጎ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። የጎረቤት አምፖል ይከላከላል፣ ትንፋሻችሁ ወደ ብርሃኑ መንገድ እንዳይገባ ያደርጋል፣ ከእጃችሁ የወደቀ ነገርም መስታወቱ ላይ እንዳያርፍ ይይዛል። ረግቦ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ግን ወጠር ይበል፤ አለበለዚያ ብርሃኑን ይሸፍናል።

እንግዲህ ወደ ማታው ሥራ ልምጣ። እኔ የምገጥመው ፀሐይ ከመግባቷ በፊት፣ 11 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። እዚህ አገር ምሽቱ አጭር ነው። ፀሐይ በገባች በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ድፍን ጨለማ ይሆናል። በብርሃን የገጠመ ሰው ብሎን ሲፈልግ አያመሽም።

ቦታው ሣር ቢሆን ይመረጣል። ሲሚንቶ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲተፋ ያድራል፤ ያ ሙቀት ከቴሌስኮፑ ፊት ሲወጣ ምስሉ ይርገበገባል። በጎረቤት ማድ ቤት ጭስ በኩል ማየትም እንደዚያው ነው። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከሦስቱ እግሮች ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። ውሃ ልክ ይዞ መጨናነቅ አያስፈልግም፣ በዓይን ቀጥ ካለ ይበቃል።

መቀመጫው መጀመሪያ ይቀመጣል። ቀጥሎ የመስታወቱ ሳጥን፣ ክዳኑ እንደተከደነ። ይህ ከባዱ ክፍል ስለሆነ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ወገባችሁን ሳታጎብጡ አንሱት። ከዚያ ዘንጎቹ። በእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍና በሚገባበት ቀዳዳ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌያለሁ፤ ቀይ ከቀይ፣ ነጭ ከነጭ። ሁሌ አንድ ዘንግ አንድ ቦታ ከገባ መስታወቶቹ ካለፈው ጊዜ ብዙም ሳይዛነፉ ይገኛሉ። ብሎኖቹ ደግሞ በእጅ የሚጠብቁና ከቦታቸው የማይወልቁ ይሁኑ። ሮንዴላ ሣር ውስጥ ከወደቀ ነግቶም አይገኝ። ስምንቱንም መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፣ የላይኛውን ቀለበት አስቀምጡ፣ ከዚያ ዞር ዞር እያላችሁ እኩል አጥብቁ። አንዱን ጥርቅም አድርጎ ወደ ሌላው መሄድ ቀለበቱን ያጣምመዋል። ጨርቁ ከላይ ይለበሳል። የመስታወቱ ክዳን የሚነሳው በመጨረሻ ነው። ፒንሳውም ካቻቢቴውም ከአካባቢው ከተነሳ በኋላ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የመኪና እግር ሲነካካ አላይመንት እንደሚሠራው ሁሉ፣ ይህም ቴሌስኮፕ በተገጠመ ቁጥር ሁለቱ መስታወቶች እርስ በርስ መናበብ አለባቸው። ኮሊሜሽን ይባላል። ብዙ ሰው የሚሸሸው ይሄን ነው። እኔ ግን ከጠቅላላው ሥራ የምወደው ይሄን ነው። ልክ የገባ ባለ 8 ኢንች ልክ ያልገባን ባለ 12 ኢንች ያስንቀዋል።

ዋናው መስታወት መሃሉ ላይ ትንሽ ቀለበት ተለጥፎበታል። ከፋብሪካ ተለጥፎ ካልመጣ ራሳችሁ ትክክለኛውን መሃል ለክታችሁ ለጥፉት። መሃሉ ብርሃን የማይደርስበት የትንሿ መስታወት ጥላ ስለሆነ ምስሉን አይጎዳም። ቴሌስኮፑን ወደ አግድም ዝቅ አድርጉት። የምትነካኩት ቁልፍ ቢያመልጣችሁ እንኳ መሬት ላይ ይውደቅ እንጂ መስታወቱ ላይ እንዳይወድቅ። የዓይን ሌንሱ በሚገባበት በኩል ለዚሁ ማስተካከያ የሚሆነውን ትንሽ ሌዘር አስገቡ። ቀይዋ ነጥብ በትንሿ መስታወት ተመልሳ ዋናው መስታወት ላይ ታርፋለች። ቀለበቱ መሃል ካልሆነች ከትንሿ መስታወት ጀርባ ያሉትን ሦስት ብሎኖች በጣም በትንሹ አዙሩ። አንዱን ስታላሉ ሌላውን አጥብቁ። ነጥቧ ቀለበቱ ውስጥ ስትገባ እዚያ ላይ አቁሙ።

ቀጥሎ ዋናው መስታወት ነው። ከሳጥኑ ጀርባ ሦስት ማስተካከያዎች አሉ። ብርሃኗ ከዋናው መስታወት ተመልሳ በትንሿ በኩል ወደ መጣችበት ሌዘር ትሄዳለች። በወጣችበት ቀዳዳ እስክትገባ ድረስ ከጀርባ እያዞራችሁ ምሯት። ብቻችሁን ከሆናችሁ መመላለሱ አይቀርም። ሰው ካለ አንዱ ከፊት "ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ፣ በቃ!" ቢል በአንድ አፍታ ያልቃል። የእህቴ ልጅ ይሄን ሥራ ለማንም አይለቅም።

ሌዘሩን ግን በጭፍን አትመኑት። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ራሳቸው የተዛነፉ ናቸው። መፈተኛው ቀላል ነው። ካስገባችሁት በኋላ በራሱ ላይ አዙሩት። ነጥቧ ዋናው መስታወት ላይ ባለችበት ከቆመች ደህና ነው። ክብ ከሠራች ሌዘሩ ይስተካከል ወይም ይለወጥ። ሌዘር ከሌላችሁ መሃሉ የተበሳ የፕላስቲክ ክዳን በሌንሱ ቦታ ገጥማችሁ በቀዳዳዋ እያያችሁ ክቦቹን አንድ መሃል ላይ ማምጣት ይቻላል። ዘግየት ይላል እንጂ ውጤቱ ጥሩ ነው።

የመጨረሻው ፈራጅ ኮከብ ነው። ደማቅ ኮከብ በ150 እጥፍ ይዛችሁ ምስሉን ሆን ብላችሁ በትንሹ አደብዝዙት። ብርሃኑ ወደ ቀለበቶች ይከፈታል። ቀለበቶቹ አንድ መሃል ካላቸው ጨርሳችኋል። ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ከጀርባ ትንሽ ንክኪ ይቀራል። የውጭ መመሪያዎች ለዚህ የሰሜን ኮከብን ተጠቀሙ ይላሉ፣ ስለማይንቀሳቀስ። ለእኛ አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ላይ፣ ዛፍና ጭጋግ ውስጥ ነው ያለው። ከፍ ያለ ኮከብ ምረጡ። ብቻ ከአናታችን አካባቢ ያሉት ይሮጣሉ። በባለ 10 ሌንስ አንድ ኮከብ ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም፤ በቀስታ እየገፋችሁ መከተል ነው።

ሁሉ ነገር ተስተካክሎ ምስሉ አሁንም ውሃ ውስጥ ያለ ቢመስላችሁ መስታወቱ አልቀዘቀዘም ማለት ነው። 6 ኪሎ ተኩል መስታወት የቤቱን ሙቀት ይዞ ይወጣል፤ ውጭው ደግሞ በየሰዓቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ለዚህ ነው በጊዜ የሚወጣው። ከመስታወቱ ጀርባ ባለ 12 ቮልት የኮምፒውተር ፋን በላስቲክ ማሰሪያ አንጠልጥዬ በትንሽ ባትሪ አሠራዋለሁ። በላስቲክ የሚሆነው ንዝረቱ ወደ ሳጥኑ እንዳይተላለፍ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ሱሉልታ ላይ የሚያታግለው ጤዛ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ውርጭ። መጀመሪያ ቴሌስኮፑን ኮከብ ላይ የምናነጣጥርበትን መፈለጊያ፣ ከዚያ የዓይን ሌንሱን፣ ሌሊቱ ሲገፋ ትንሿን መስታወት ይይዛል። በጨርቅ፣ በሶፍት ወይም በነጠላ ጫፍ እንዳትነኩት። ፀጉር ማድረቂያ ፎን በዝቅተኛው ሙቀት ከርቀት ማሳየት ይበቃል። መብራት ከሌለ ሌንሶቹን በየተራ ኪስ ውስጥ ማሞቅ ነው። ስትጨርሱ እርጥብ መስታወት አትክደኑ። ቤት አስገብታችሁ ገልጣችሁ ተዉት፣ ሲደርቅ ክደኑት።

ለዓይናችሁም ጊዜ ስጡት። ጨለማ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አንድ የስልክ ብልጭታ ያን ሁሉ ያጠፋዋል። የእጅ ባትሪያችሁን በቀይ ፌስታል ደራርባችሁ ጠቅልሉት።

ስለ ሰፈሩ ደግሞ። ረጅም ጥቁር ነገር ሌሊት ግቢ ውስጥ ተገትሮ ሲታይ የማያውቅ ሰው ሊደነግጥ ይችላል። ጎረቤትንና የሰፈር ጥበቃዎችን አስቀድማችሁ አሳውቁ። ከሁሉ የሚሻለው ጠርቶ ማሳየት ነው። ወደ ሰው ቤት በፍጹም አታዙሩት። አረንጓዴ ሌዘር እያበሩ ሰማይ ላይ መጠቆምም ይቅር፣ አውሮፕላን ያልፋል። ጅብ ስለሚዞር የግቢው በር ይዘጋ። እኛ ቤት መጀመሪያ ያዩት ጎረቤታችን እማማ ናቸው። በርጩማ ላይ ቁጭ አድርጌ ግማሽ ጨረቃ አሳየኋቸው። ሙሉ ጨረቃ በዚህ መስታወት ዓይን ታጭበረብራለች፤ በግማሽነቷ ግን ጥላው ጉድጓዶቹን ያወጣቸዋል። ብዙ ቆይተው "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጉድጓድ የኛዋ ጨረቃ ላይ ነው?" አሉኝ። ከዚያ ማታ በኋላ የበረንዳቸውን አምፖል ሳልጠይቃቸው ያጠፉልኛል።

ምን ይታይ ለሚለው፣ የእኛ ሰማይ የራሱ ጠባይ አለው። ፕላኔቶችና ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ከአናታችን አጠገብ ያልፋሉ። ደስ ይላል፣ አየሩ እዚያ ንጹሕ ነውና። ችግሩ ይህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ቀጥ ብሎ ወደ አናት ሲያይ ግራና ቀኝ ማዞር ያስቸግራል። አናት ላይ ከመድረሳቸው አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም በኋላ ያዟቸው። በጥር መጨረሻ የኦሪዮን ኔቡላ (የጋዝና የአቧራ ደመና ነው) ከማታው 3 ሰዓት አካባቢ ከፍ ብሎ ይገኛል። በባለ 25 ሌንስ እዩት። መሃሉ ላይ ያሉትን አራት ኮከቦች ለማየት ወደ ባለ 10 ቀይሩ። ኅዳር አጋማሽ ላይ በዚሁ ሰዓት ወደ ሰሜን ዞሩ። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቀው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ እዚያ ነው። ለእኛ ለሱሉልታዎች ሰሜኑ ጨለማ ስለሆነ ያደላናል። ደቡቡን ግን የአዲስ አበባ ብርሃን ከእንጦጦ ጀርባ ያፈካዋል።

በዚህ የሰበታ ሰዎች ይበልጡናል፤ ከተማው ከኋላቸው፣ የደቡቡ ሰማይ ከፊታቸው ነው። ግንቦት ላይ፣ ሰማዩ ከተገለጠ፣ ማታ 3 ሰዓት ገደማ የደቡብ መስቀል የሚባለው የከዋክብት ስብስብ ይቆማል። ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚነሳ ፊት ለፊታችሁ ዛፍና ግንብ አይኑር። ከሱ አንድ ሰዓት በኋላ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የከዋክብት ክምችት 33 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። 17,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ሚሊዮኖች ኮከቦች አሉበት። አውሮፓ ውስጥ ያሉ አብዛኞቹ ተመልካቾች ከቤታቸው ሆነው አያዩትም። ባለ 12 ኢንች መስታወት እስከ መሃሉ ድረስ ወደ ነጠላ ነጠላ ኮከብ ይበትነዋል። አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

ከሰኔ በኋላ ደመናው ስለሚዘጋ ለመስታወቱ ማጠቢያ ጊዜው ያ ነው። ትንሽ አቧራ ስላያችሁ አትጠቡት፤ ቀለል ያለ አቧራ ምስሉን አይጎዳም፣ መፈግፈግ ግን የአልሙኒየሙን ቅብ ይጭረዋል። በዝቶ ከታየ ብቻ ከመያዣው አውጡት። ለብ ባለ ውሃ ፊቱን ሳትነኩ በደንብ አፍስሱበት። ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ያለበት ውሃ ውስጥ ንጹሕ ጥጥ ነክራችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በጥጡ ክብደት ብቻ አንድ ጊዜ ሳቡት። ያን ጥጥ ጥላችሁ ሌላ ውሰዱ። መጨረሻ ላይ በተጣራ ውሃ አለቅልቁት፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ማለቴ ነው። ጀሪካኑ ላይ ያለውን አንብባችሁ ግዙ፣ ከጎኑ የሚሸጠው አሲድ ነው። ከዚያ በጎኑ አቁማችሁ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ክፍል በራሱ ይድረቅ። ሲደርቅ መልሳችሁ ክደኑትና ሳጥኑ ውስጥ አዲስ ጫማ ውስጥ የሚመጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጨምሩበት። ክረምቱ እስኪወጣ አልፎ አልፎ ክፍሉ ውስጥ ከፍታችሁ አናፍሱት። ሻጋታ ከያዘው ማጠብም አይመልሰው።